የካፒቴን ኩክ ልጆች መርከቧ ላይ ነበሩ ወይ?

ጠያቂው ለወጣት አንባቢዎች የሚሆን የእንግሊዛዊው የባሕር አሳሽ የጄምስ ኩክ የሕይወት ታሪክ በአማርኛ በማዘጋጀት ላይ ናቸው። «ኢንዴቨር» የተባለችው መርከብ በ1768 ጉዞ ስትጀምር በያዘችው የመርከበኞች መዝገብ ውስጥ የኩክን ሁለት ልጆች፣ የጄምስንና የናትናኤልን ስም ስላገኙ «ካፒቴን ኩክ ሕፃናት ልጆቹን ይዞ ዓለምን ዞረ» ብለው ጻፉ። ረቂቁን ያነበበው ባልደረባቸው ግን «የአምስት ዓመት ልጅ መርከብ ላይ ምን ይሠራል?» ሲል ተቃወመ። ጥያቄያቸው እንዲህ ይላል፦ «መዝገቡ የመንግሥት ሰነድ ነው። ልጆቹ ካልነበሩ ስማቸው ለምን ተጻፈ? ከነበሩስ ዛሬ የኩክ ዘር ነን የሚሉት ሰዎች ከየትኛው ልጅ የወጡ ናቸው?» ከጥያቄው ጋር ያያዙት ገጽ ደግሞ ኩክ የተወለደው ጥቅምት 17 ቀን 1721 ዓ.ም. ነው ይላል።

ልጆቹ መርከቧ ላይ አልነበሩም፤ ባልደረባዎ ትክክል ነው። ኢንዴቨር ኦገስት 26 ቀን 1768 የፕሊመዝን ወደብ ለቃ ስትወጣ (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጄምስ ገና አምስት ዓመት፣ ናትናኤልም አራት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ሁለቱም በምሥራቅ ለንደን፣ ማይል ኤንድ በሚባለው ሰፈር ከእናታቸው ጋር ነበሩ። ይህ ማለት ግን ያገኙት ሰነድ ተጭበርብሮ በኋላ የተሠራ ወረቀት ነው ማለት አይደለም። ሰነዱ እውነተኛ ነው፤ ስሞቹም በጊዜው የተጻፉ ናቸው። የተሳሳተው፣ መዝገቡ ለምን ሥራ እንደተዘጋጀ ሳይጠየቅ የተሳፋሪዎች ዝርዝር ሆኖ መነበቡ ነው።

የብሪታንያ ባሕር ኃይል የስም ጥሪ መዝገብ በዋነኛነት የደመወዝና የቀለብ ሰነድ ነው። በየረድፉ የሰውየው ተራ ቁጥር፣ ወደ መርከቡ የገባበት ቀን፣ የትውልድ ቦታው፣ ዕድሜው፣ ስሙና የሥራ ደረጃው ይሰፍራል፤ ከመርከቡ ዕቃ ቤት በዱቤ የወሰደው ልብስና ትምባሆም ከደመወዙ እንዲቀነስ በየዓምዱ ይመዘገባል። ከስሙ አጠገብ ባለች ጠባብ ዓምድ ደግሞ የመጨረሻ ዕጣው በፊደል ይጻፋል፦ «ዲ» ከሆነ ተሰናብቷል፣ «ዲዲ» ከሆነ ሞቷል፣ «አር» ከሆነ ከድቷል። መዝገቡ ወደ ለንደን የሚላከው ሒሳብ ለመዝጋት ነው። እንግዲህ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ፔሮል ላይ ስም መኖሩና ወንበር ላይ ሰው መኖሩ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም፤ የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መርከብም ከዚህ የተለየ አልነበረም።

አባት የልጁን ስም በዚህ መዝገብ ላይ ለማስፈር የሚጓጓበትን ምክንያት ለመረዳት የባሕር ኃይሉን የሹመት ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን በምድር ጦሩ ውስጥ የመኮንንነት ማዕረግ በገንዘብ ይገዛ ነበር፤ በባሕር ኃይሉ ግን አይገዛም። ሌተናንት (የመጀመሪያው የመኮንንነት ማዕረግ) ለመሆን የሚፈልግ ወጣት ስድስት ዓመት ባሕር ላይ ማገልገሉን፣ ከዚያም ውስጥ ሁለቱን በሚድሺፕማንነት (በዕጩ መኮንንነት) ወይም በማስተር፣ ማለትም በመርከቡ አቅጣጫ መሪ፣ ረዳትነት ማሳለፉን በመዝገብ አረጋግጦ፣ ሃያ ዓመት ሞልቶት፣ በመኮንኖች ፊት ቀርቦ መፈተን ነበረበት። ስለዚህ የባሕር ላይ ዘመን ራሱ ሀብት ሆነ፤ ገንዘብ ያለው ለልጁ ገንዘብ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ መርከብ የሚያዝ አባት ለልጁ ዓመታት ያስቀምጥለት ጀመር። መንገዱም ተከፍቶ ነበር፤ አንድ ካፒቴን ለእያንዳንዱ መቶ መርከበኛ አራት አገልጋይ የመያዝ መብት ሲኖረው ደመወዛቸውም ለእርሱ ይከፈል ነበር። እነዚህ «አገልጋዮች» የግድ ሳህን የሚያጥቡና ጫማ የሚጠርጉ ልጆች አይደሉም፤ ብዙዎቹ መኮንን እንዲሆኑ የታሰቡ የዘመድና የወዳጅ ልጆች ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ከወረቀቱ በቀር መርከቡን ያላዩ ነበሩ።

ድርጊቱ ሕገወጥ ነበር። የባሕር ኃይሉ የጦርነት ደንብ ሐሰተኛ የስም ጥሪ አውቆ ያዘጋጀ ወይም የፈረመ መኮንን ከሥራው ተባርሮ ዳግመኛ እንዳይቀጠር ያዝዛል። ሆኖም ደንቡ በዚህ ረገድ የሚነካው ጥቂት ሰው ነበር፤ ፈራጁም ተከሳሹም ልጅና የእኅት ልጅ ያላቸው ነበሩና። የዕድሜው ገደብም ቢሆን በተግባር ሲላላ እናያለን፦ ሆሬሽዮ ኔልሰን በ1777 ፈተናውን ያለፈው ሃያ ዓመት መሙላት ሲገባው ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ስለዚህ በወጣቶች መጽሐፍዎ ውስጥ ኩክን በዚህ ምክንያት አጭበርባሪ አድርጎ መሣልም፣ ነገሩን ጨርሶ መደበቅም ልክ አይሆንም። የተለመደ ሕገወጥነት ነበር፤ እንደዚያው ተብሎ ይጻፍ።

መዝገቡ በሌላ አቅጣጫም ሊያሳስት እንደሚችል ከዚያው ከኢንዴቨር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በኦክቶበር 1769 ኒውዚላንድን ከመርከቧ ምሰሶ ላይ ሆኖ መጀመሪያ ያየው ኒኮላስ ያንግ የሚባል ትንሽ ልጅ ነው፤ ያየውም የገደል አፍ እስከ ዛሬ «ያንግ ኒክስ ሄድ» ተብሎ በስሙ ይጠራል። የዚህ ልጅ ስም ግን መርከቧ እንግሊዝን ስትለቅ በመዝገቡ ላይ አልነበረም፤ የተጻፈው ታሂቲ ከደረሱ በኋላ ነው። እንግዲህ መዝገቡን ብቻ የተከተለ ጸሐፊ ቤታቸው የተቀመጡትን ሁለት ልጆች በመርከብ ያዞርና ምሰሶ ላይ የወጣውን ልጅ ይተወዋል። ለዚህ ነው መርከበኞቹ ከጻፏቸው የዕለት ማስታወሻዎች ጋር ማመሳከር የሚያስፈልገው። ኩክም፣ የዕፅዋት አጥኚው ጆሴፍ ባንክስም ለሦስት ዓመት ያህል ያዩትን ሲጽፉ ስለ ካፒቴኑ ሕፃናት አንድም ቃል አላነሡም። የሚድሺፕማን ጫጫታ፣ የፍየል ጉዳይ ሳይቀር በተመዘገበበት መርከብ የአራት ዓመት ልጅ ሳይታይ አይቀርም።

ከኩክ ባለቤት ወገን የሆነ ዘመድ ግን በእርግጥ አብሮ ነበር፤ የልጆቹ ታሪክ ከእርሱ ጋር ተደበላልቆ ከሆነ አይገርመኝም። አይዛክ ስሚዝ የወይዘሮ ኩክ የአክስት ወይም የአጎት ልጅ የሚባል ዓይነት ዘመዷ ሲሆን፣ በኤፕሪል 29 ቀን 1770 ቦታኒ ቤይ በተባለው የአውስትራሊያ ባሕር ዳርቻ ከጀልባዋ ቀድሞ እንዲወርድ ኩክ የፈቀደለት ወጣት ነው። በኋላ ሪር አድሚራል ተብሎ በጡረታ ተሰናበተ፤ ወደ መጨረሻ ላይ እንደገና እናገኘዋለን።

ኩክ ለልጆቹ ዓመት ለመቆጠብ የተጣደፈበትን ስሜት የሚያስረዳው የራሱ ሕይወት ነው። ገጽዎ ላይ «በ1768 ካፒቴን ሆኖ» የሚለው ሐረግ መታረም አለበት፤ ያን ጊዜ በማዕረግ ሌተናንት ነበር፤ ያውም ገና የተሾመ፣ ዕድሜው ሠላሳ ዘጠኝ የደረሰ ሌተናንት። መርከብ የሚያዝ መኮንን ማዕረጉ ምንም ይሁን ምን በመርከቡ ላይ «ካፒቴን» ይባል ስለነበር ስሙ ተለጠፈበት። ኮማንደር የሆነው በ1771፣ የሙሉ ካፒቴንነት ማዕረግ ያገኘውም በ1775 ነው። አባቱ ከስኮትላንድ ከኤድነም መጥቶ በዮርክሺር በግብርና ሥራ የተቀጠረ የቀን ሠራተኛ፣ እናቱ ግሬስ ፔስ ደግሞ የአካባቢው ተወላጅ ነበሩ። ልጁ በማርተን መንደር ተወልዶ በግሬት ኤይተን አደገ፤ ፊደል የቆጠረውም የእርሻው ባለቤት ቶማስ ስኮቶ የትምህርት ቤት ስለከፈለለት ነው። በስቴይዝ በአንድ ሱቅ ጥቂት ጊዜ ከሠራ በኋላ በ1746 ዊትቢ ወርዶ ጆን ዎከር በተባለ የኩዌከር እምነት ተከታይ የመርከብ ባለቤት ዘንድ ሙያ ለመማር ገባ፤ ሥራውም ከሰሜን ወደ ለንደን የድንጋይ ከሰል ማመላለስ ነበር።

በ1755 ዎከር «ፍሬንድሺፕ» በምትባለው መርከቡ ላይ አዛዥ ሊያደርገው ጠየቀው። ኩክ ይህን ትቶ ለንደን ዋፒንግ ሄደና በባሕር ኃይሉ ተራ መርከበኛ ሆኖ ተመዘገበ። ዕድሜው ሃያ ስድስት ነበር። በሌላ ቦታ የመርከብ አዛዥ ሊሆን የሚችል ሰው ከታች እንደ አዲስ ጀመረ ማለት ነው። «ኢግል» በተባለችው መርከብ በአንድ ወር ውስጥ የማስተር ረዳት ሆነ፤ በ1757 ፈተና አልፎ ራሱ ማስተር ተባለ። ማስተር የመርከቡን አቅጣጫ፣ ሸራና ካርታ የሚመራ ታላቅ ባለሙያ ነው፤ ነገር ግን የንጉሡን የሹመት ደብዳቤ የያዘ መኮንን አይደለም፤ ከማስተርነት ወደ ሌተናንትነት መሻገር ለብዙዎች የማይታሰብ ነበር። ኩክን ያሻገረው በ1759 በካናዳ የሴንት ሎውረንስን ወንዝ በመለካት፣ ከ1763 እስከ 1767 ደግሞ በየበጋው የኒውፋውንድላንድን ዳርቻ በካርታ በማንሣት ያሳየው ችሎታ፣ እንዲሁም የኢግል አዛዥ የነበረው የሂው ፓሊሰር ድጋፍ ነው። ከሙያ ትምህርቱ መጀመሪያ እስከ ሌተናንትነት ሃያ ሁለት ዓመት የፈጀበት አባት፣ ልጆቹ ገና እየዳኹ ስድስቱን ዓመት እንዲጀምሩለት መፈለጉ አያስገርምም።

ስለ ጋብቻው በረቂቅዎ የገባውን ተረትም አብሬ ላውጣው። ኩክ የባለቤቱ የክርስትና አባት እንደነበረና «ስታድግ አገባታለሁ» ብሎ እንደተሳለ የሚነገረው ውሸት ነው። ኤልዛቤት ባትስ በ1742 በለንደን ስትወለድ እርሱ በዮርክሺር የሚኖር የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። አባቷ ሳሙኤል ባትስ በዋፒንግ ወደብ መጠጥ ቤት ነበረው፤ መርከበኛ ሁሉ የሚያልፍበት ሰፈር ስለሆነ ኩክ ከቤተሰቡ ጋር በዚያ አካባቢ መተዋወቁ የሚጠበቅ ነው። ዲሴምበር 21 ቀን 1762 በኤሴክስ ባርኪንግ በሚገኘው የቅድስት ማርጋሬት ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። እርሱ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ እርሷ ሃያ ገደማ።

ስድስት ልጆች ወለዱ፤ አብዛኞቹንም የወለደችው እርሱ በሌለበት ነው። የመጀመሪያው ጄምስ በኦክቶበር 1763 ሲወለድ ኩክ ኒውፋውንድላንድ ነበር። ናትናኤል በዲሴምበር 1764፣ አንዲቱ ሴት ልጅ ኤልዛቤትም በ1767 ተወለዱ። ጆሴፍ የተወለደው ኢንዴቨር ባሕር ከገባች በኋላ ሲሆን በሴፕቴምበር 1768 ክርስትና ተነሥቶ ከዚያው ወር ሳያልፍ ተቀበረ። ኩክ በጁላይ 1771 ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ቤቱ ሲገባ አላየውም የነበረው ልጅ እንደሌለ፣ ጥሏት የሄደው ሴት ልጁም ከሦስት ወር በፊት፣ በኤፕሪል፣ እንደ ሞተች ተነገረው። በዚያው መዝገብ ላይ «አብረውት የዞሩት» ሁለት ወንዶች ግን በሩ ላይ ነበሩ። በ1772 ክረምት ለሁለተኛው ጉዞ ሲወጣ ጆርጅ ተወለደ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ሞተ፤ አባቱ ይህንንም አላየውም። የመጨረሻው ሂው በሜይ 1776 ተወልዶ በፓሊሰር ስም ተሰየመ፤ ኩክ በጁላይ ሲሄድ ገና ሁለት ወር አልሞላውም። እርሱ ከወጣ በኋላ በዚያው ዓመት ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሳይንስ ማኅበር ጉባኤ የመርከበኞችን ጤና ስለ መጠበቅ ለጻፈው ጽሑፍ የኮፕሊን የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው፤ ሜዳሊያውም ቤት ለቀረችው ሚስቱ ደረሰ።

ፌብሩወሪ 14 ቀን 1779 ኩክ በሃዋይ ኬአላኬኩዋ በተባለው የባሕር ወሽመጥ ተገደለ። ወሬው ከሩሲያ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከካምቻትካ፣ ተነሥቶ በሳይቤሪያ በኩል ተጉዞ ለንደን የገባው በጃንዩወሪ 1780 ነው፤ አሥራ አንድ ወር ገደማ ኤልዛቤት የሞተ ሰው ስትጠብቅ ነበር። ሽማግሌው አባቱ ደግሞ የልጁን ሞት ሳይሰማ በኤፕሪል 1779 በሬድካር ዐረፈ። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ለመበለቲቱ በዓመት 200 ፓውንድ፣ ለሦስቱ ወንዶች ልጆች ለእያንዳንዳቸው 25 ፓውንድ ጡረታ ቆረጡ። በኦክቶበር 1780 መርከቦቹ ያለ እርሱ ተመለሱ፤ በዚያው ወር «ተንደረር» የተባለችው ባለ 74 መድፍ የጦር መርከብ በካሪቢያን ማዕበል ከነመርከበኞቿ ጠፋች። የአሥራ አምስት ዓመቱ ናትናኤል በውስጧ ነበር። በፖርትስመዝ የባሕር ኃይል አካዳሚ ተምሮ የወጣ፣ በዚህ ጊዜ ስሙም አካሉም አንድ መርከብ ላይ የነበረ ልጅ።

ቀሪዎቹ ሁለቱ በአምስት ሳምንት ውስጥ ሄዱ። ሂው ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ታስቦ በካምብሪጅ ክራይስትስ ኮሌጅ ይማር ነበር፤ ዲሴምበር 21 ቀን 1793፣ ማለትም እናቱ ባገባችበት ቀን፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ በትኩሳት በሽታ ሞተ። ታላቁ ጄምስ ኮማንደር ሆኖ «ስፒትፋየር» የተባለችውን መርከብ ያዝ ነበር፤ በጃንዩወሪ 1794 መርከቧ ላይ ለመድረስ ከፑል ወደብ በክፍት ጀልባ ወጥቶ ማዕበል ያዘው፤ አስከሬኑ በአይል ኦቭ ዋይት ደሴት ዳርቻ ተገኘ። ሠላሳ ዓመቱ ነበር። ሁለቱም በካምብሪጅ በታላቁ የቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን አንድ ላይ ተቀበሩ።

ኤልዛቤት ከባሏ በኋላ ሃምሳ ስድስት ዓመት ኖረች። ብዙውን ዘመኗን በክላፓም ከዚያ ቦታኒ ቤይ ላይ ቀድሞ ከወረደው ከአይዛክ ስሚዝ ጋር አሳለፈች። የሚያውቋት ሰዎች እንዳቆዩት ትዝታ፣ ባሏና ሦስቱ ወንዶች ልጆቿ የሞቱባቸውን አራት ቀኖች በየዓመቱ በጾምና መጽሐፍ ቅዱስ በማንበብ ታስብ ነበር፤ ሌሊት ነፋስ ሲበረታም ባሕር ላይ ስላሉት ሰዎች እያሰበች እንቅልፍ ይነሣት ነበር። ሲድኒ በሚገኘው የኒው ሳውዝ ዌልስ ስቴት ቤተ መጻሕፍት አንድ ያላለቀ ሰደርያ አለ። ጨርቁ ከዛፍ ልጥ ተደቁሶ የሚሠራው የታሂቲ ታፓ ነው፤ በላዩ ላይ ያለው የአበባ ጥልፍ የእርሷ እጅ ሥራ ነው። ባሏ ከሦስተኛው ጉዞ ሲመለስ ቤተ መንግሥት ለብሶት እንዲገባ ጀምራው ነበር፤ ወሬው ሲመጣ አቆመችው፤ ግን አልጣለችውም። ደብዳቤዎቹን ግን ከመሞቷ በፊት አቃጠለች። ስለዚህ በመጽሐፍዎ «ኩክ ለሚስቱ እንዲህ ሲል ጻፈ» የሚል ሐረግ በፍጹም እንዳይገባ አደራ እላለሁ፤ በመካከላቸው የነበረው ፍቅር ወይም ቅሬታ ምን እንደሚመስል ከወረቀት የሚያስረዳን የለም፤ የዘመናችን ጸሐፊዎች የሚሞሉትም ከራሳቸው ነው። ሜይ 13 ቀን 1835 በዘጠና ሦስት ዓመቷ ዐረፈችና ከሁለቱ ልጆቿ ጎን ካምብሪጅ ተቀበረች።

ከዚህ የዘር ጥያቄዎ መልስ ይወጣል። ሦስቱ ሕፃናት በልጅነታቸው፣ ናትናኤልና ሂው በወጣትነታቸው ሞቱ፤ ጄምስም ሳያገባ ነው የሞተው። ስለዚህ ከጄምስ ኩክ በቀጥታ የወረደ የታወቀ ዘር የለም። «የኩክ ዘር ነን» የሚሉ ሰዎች ሁሉ ግን ይዋሻሉ ማለት አይደለም፤ እኅቱ ማርጋሬት ጄምስ ፍሌክ የተባለ የሬድካር ዓሣ አጥማጅ አግብታ ወልዳለች፤ ከዚያ የሚመዘዝ ሰው የኩክ የእኅቱ ዘር ነው። አማርኛችን «ዘር» ስንል የወንድምንም የእኅትንም ወገን ስለሚያጠቃልል ነገሩ ሊድበሰበስ ይችላል፤ «በቀጥታ የወረደ» እና «ከእኅቱ የወረደ» ብለው ይለዩት። ኩክ የሚለው ስም በእንግሊዝ እጅግ የተለመደ ስለሆነ የስም መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በሜልቦርን ፊትዝሮይ ጋርደንስ የሚገኘውን «የኩክ ጎጆ» ፎቶግራፍም «ኩክ ያደገበት ቤት» ብለው እንዳያትሙት። ያ አባቱ በ1755 በግሬት ኤይተን የሠራው ቤት ነው፤ በ1934 ድንጋይ በድንጋይ ተፈርሶ ወደ አውስትራሊያ ተወሰደ። በ1755 ልጁ ወደ ባሕር ኃይል የገባበት ጊዜ ነበር፤ ወላጆቹን ሊጠይቅ ቢመጣበት ነው እንጂ አላደገበትም።

አሁን ወደ ጥቅምት 17። ስሕተቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ የአማርኛ ጽሑፎች በተደጋጋሚ የሚወድቁበት ጉድጓድ ነው። የልደቱ ቀን ኦክቶበር 27 ቀን 1728 ተብሎ የተመዘገበው እንግሊዝ ገና በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር ስትመራ ነው፤ ዛሬ አውሮፓ ወደሚጠቀምበት የግሪጎርዮስ አቆጣጠር የተሻገረችው በሴፕቴምበር 1752 ነው። እርስዎ የዛሬውን ኦክቶበር 27 ከግድግዳ ካላንደር ላይ ወደ ጥቅምት 17 መለሱት። የእኛ ባሕረ ሐሳብ ግን ከዩልዮስ አቆጣጠር ጋር እኩል የሚሄድ ስለሆነ የዩልዮስ ኦክቶበር 27 ምንጊዜም ከጥቅምት 30 ጋር ይገጥማል፤ ከዘመነ ዮሐንስ መግቢያ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ብቻ አንድ ቀን ይዛነፋል፤ 1721 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ ውጭ ነው። ስለዚህ ኩክ የተወለደው ጥቅምት 30 ቀን 1721 ዓ.ም. ነው፤ ክርስትና የተነሣበት የዩልዮስ ኖቬምበር 3ም ኅዳር 7 ቀን ይሆናል። ከ1752 በኋላ ባሉት ቀኖች ልዩነቱ ይጠባል፤ በዚያ ክፍለ ዘመን በሁለቱ የአውሮፓ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ርቀት አሥራ አንድ ቀን እንጂ እንደ ዛሬው አሥራ ሦስት ስላልነበረ የዛሬው ካላንደር በሁለት ቀን ያሳስትዎታል። ለምሳሌ ቦታኒ ቤይ የወረዱበት ኤፕሪል 29 ቀን 1770 በዛሬው ካላንደር ሚያዝያ 21 ይመስላል፤ በትክክል ግን ሚያዝያ 23 ቀን 1762 ዓ.ም.፣ የጊዮርጊስ ዕለት ነበር። በዚያ ዓመት ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ገብቶ በጣና ዙሪያ ይዘዋወር ነበርና አንባቢዎችዎ ዘመኑን እንዲይዙት ይህን መጥቀስ ይጠቅም ይሆናል፤ ከዚያ ያለፈ ግንኙነት ግን አትፍጠሩለት።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። «ሕፃናት ልጆቹን ይዞ ዓለምን ዞረ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ያውጡት፤ «ይዞ ዞረ ይባላል» ብሎ ማለስለስም አያድነውም። ስለ ቤተሰቡ የሚጽፉትን ቀን ሁሉ በአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናቱ የክርስትና፣ የጋብቻና የቀብር መዝገቦች እንዲሁም በካምብሪጁ የመታሰቢያ ሰሌዳ ላይ ይመሥርቱ፤ የባሕር ኃይሉን መዝገብ ለማዕረግና ለአገልግሎት ዘመን ብቻ ይጠቀሙበት፤ እርሱንም ቢሆን ዕድሜው ከአሥራ አንድ በታች የሆነ ልጅ ስም ሲያገኙ ከዕለት ማስታወሻ ሳያመሳክሩ አይመኑት። በቦታው ሊተኩት የሚችሉት ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ኩክ በ1768 ሲሄድ የሁለት ልጆቹን ስም በመርከቧ መዝገብ ላይ አሰፈረ፤ ሲያድጉ መኮንን ለመሆን የሚጠየቀው የአገልግሎት ዘመን እንዲቆጠርላቸው ነበር፤ ልጆቹ ግን ለንደን ከእናታቸው ጋር ቀሩ።» የመዝገቡን ገጽ ፎቶግራፍ ማሳተም ከፈለጉም ያሳትሙት፤ ከሥሩ የሚጻፈው መግለጫ የደመወዝ መዝገብ መሆኑን እንዲናገር ብቻ ያድርጉ።